ሠላሳ አምስት ኪሎ ማሾ

ኸድርን ያገኙት ሰኞ ጠዋት፣ ደራሽ ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። የሮቢ ወንዝ ጠባዩ ይሄው ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በዘነበ ውሃ ሞልቶ ይመጣና ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል። ኸድርን ግን ጠርጎ አልወሰደውም። እንዴት ብሎ ይወስደዋል! ቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በብረት ወጥመድ ተይዟል፤ ወጥመዱ በሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ድንጋይ መሀል ከተቀበረ የብረት ችካል ጋር ታስሯል። ውሃው ባለበት ነው ያሰጠመው።

ኢንስፔክተር በላይነሽ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ ጭቃው ውስጥ ገባች። የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፤ ጭቃ አያስደነግጣትም። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ስትኖር ሬሳም አይታለች። የዚህን ልጅ ጣቶች ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥፍሮቹ አንድ ሳይቀር ተፈነቃቅለዋል። ብረቱን ሲታገል ነው የሞተው።

«ወይኔ ልጄ፤ ስንት ሰዓት ታግለህ ይሆን» አለች።

ወጥመዱን ለመፈልቀቅ ሦስት ጎረምሳና ሁለት ዲጂኖ ፈጀ። ቦታው መንደሩ የመስኖ ውሃውን ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚጠልፍበት ጠለፋ ነው፤ የሠላሳ አንድ አባወራ ሽንኩርትና ማሾ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ተረኛውን የሚወስኑት የውሃ አባት ጋሽ ከቢር ናቸው። የሟቹ አባትም እሳቸው ናቸው። ዳር ላይ ቆመው፣ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ረዳቷ ሳጅን ብሩክ የብረቱን ጭቃ በመዳፉ ጠረገ። ጎኑ ላይ በሞረድ የተቆረጠች ግማሽ ጨረቃ አለች።

«የአሊዪ ምልክት ናት» አለ። «ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ቀጥቃጭ።»

*

አሊዪ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማረሻ፣ መጥረቢያና ወጥመድ የሚሠራ ሰው ነው። ጃርት ሽንኩርቱን የፈጀበት፣ ጅብ ፍየሉን የበላበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። በላይነሽ ብረቱን ፊቱ ስታስቀምጠው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ለማን ሠራኸው?»

አሊዪ መዶሻውን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ለማን እንደሠራሁት አልናገርም።»

«አሊዪ፣ ሰው ሞቷል እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ብታስሩኝም፣ ብትሰቅሉኝም አልናገርም።»

ታሰረ። ምን ታድርግ! ፍርድ ቤቱ የአራት ቀን ቀጠሮ ሰጠ፤ ዐቃቤ ሕጉም ቁርጡን ነገራት። «እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካላመጣሽ ብረቱ የሱ ነው፣ ዝምታውም የሱ ነው፤ በግድያ እከሰዋለሁ።» ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የአሊዪ ዝምታ ግን ራሱን ሊበላው ነው፤ በላይነሽ ደግሞ ይሄ ሰው ገዳይ ነው ብላ አንጀቷ እሺ አላላትም።

*

የኸድር ሚስት ሙሀባ ገና ሃያ አምስት አልሞላትም። የአምስት ዓመቷን ኢልሀምን ጉያዋ ሸጉጣ፣ ሐዘንተኛ ሴቶች መሀል ተቀምጣ ነበር። በላይነሽ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ኸድር ስንት ሰዓት ወጣ?»

«ጎህ ሳይቀድ። ሱብሒ ሊሰግድ።»

«መስጊድ አልታየም፣ እህቴ። ጠይቄያለሁ።»

ሙሀባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ነጠላውን ለቃ፣ «እኔ የማውቀው ይሄንኑ ነው» አለች። ከዚያ ግን የበላይነሽን ክንድ ጨመደደችው። «ማን እንደገደለው ንገሪኝ። አይኑን ልየው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሳታገኚው እንዳትተይኝ!»

«አልተውሽም» አለች በላይነሽ። ቃል መግባት ምን ይከብዳል! ሲገቡት ቀላል ነው።

ውጭ ስትወጣ ወንዶቹን አንድ ባንድ ጠየቀች። ከኸድር ጋር የተጣላ? ማንም የለም። ወንዝ ዳር ወጥመድ ያየ? የለም። ጩኸት የሰማ? እዚህ ላይ አብዱልወሃብ፣ ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ጎረቤት፣ ወደ ጋሽ ከቢር አየት አደረገ። «የወንዙ ድምፅ ነው እንጂ ሌላ አልሰማንም» አለ። በላይነሽ አስተያየቱን ልብ ብላለች፤ ልጃቸው ለሞተባቸው አባት አዝኖ ነው ብላ አለፈችው። እዚህ ጋ ተሳስታለች።

*

ብሩክ ደግሞ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። የወጥመዱ ሁለት መንጋጋዎች በመኪና ጎማ ላስቲክ ተጠቅልለዋል። «እንዲህ የሚያደርጉት ጥሪኝ አጥማጆች ብቻ ናቸው» አለ። «እግሩ የተሰበረ ጥሪኝ ዝባድ አይሰጥማ። እዚህ አካባቢ ደግሞ ያለው ጥሪኝ አጥማጅ ጣሪቅ ብቻ ነው። ዐምና ኸድር የያዝኩትን ጥሪኝ ለቀቀብኝ ብሎ ዱላ ቀረሽ ጠብ ተጣልተዋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አምጣው!»

ጣሪቅ ረቡዕ ጠዋት መጣ። ቀጭን ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ ፍርሃት የሚባል አያውቀውም። እሁድም ሰኞም አሊዩ አምባ ገበያ ነበር። በላይነሽ ያሳደረውን ሰው፣ አብሮት ቁርስ የበላውን ነጋዴ፣ ሰኞ ማለዳ የተሳፈረበትን የአይሱዙ ሾፌር ሳይቀር በስልክ ጠየቀች። ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ። ተስፋዋን ውሃ በላው።

«ከኸድር ጋርም ታርቀናል እኮ» አለ ጣሪቅ። «ኸድር ነፍሱን ይማረውና፣ 'አይኗ አሳዝኖኝ ነው የለቀቅኳት' አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? ስቄ ተውኩት። እስቲ ብረቱን አሳዪኝማ።»

ጠረጴዛው ላይ አገላበጠው። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ይሄን ላስቲክ ለአሊዪ እኔው ነኝ ያስተማርኩት፤ የጥሪኝ ነው። ሌላው ግን የጥሪኝ አይደለም። የኔ ወጥመድ ግራና ቀኝ አንዳንድ ረጅም ባሌስትራ ነው ያለው። በሁለት እግርሽ ብትረግጪያቸው መንጋጋው ይላላል፤ እኔ ስንቴ ራሴን ይዞኝ እንዲሁ አድርጌ ወጥቻለሁ። ይሄ ግን አራት ነው፤ ሁለቱ ላይ ሁለት ተደርቧል። አንድ ሰው ብቻውን በባዶ እጁ ጀንበር እስክትጠልቅ ቢታገል አይከፍተውም።»

በላይነሽ የኸድር ጥፍሮች ትዝ አሏትና ዞር አለች።

«እሱ ብቻ አይደለም» አለ ጣሪቅ። ጣቱን መሀል ላይ ያለውን ክብ መርገጫ አስነካ። «እኔ ይሄን ብሎን አላላዋለሁ፣ ምላሱን በሞረድ አለሰልሰዋለሁ፤ አምስት ኪሎ ሲያርፍበት ይዘጋል። ለጅብ ከሆነ ትንሽ ጠበቅ ነው፣ ውሻ እንዳይገባበት፤ አሥራ አምስት ኪሎ በቂው ነው። ጅብ ክብደቱን ባራት እግር ነው የሚያካፍል። ይሄን በጣቴ ስጫነው ንቅንቅ አይልም። መዝኚው፤ ከዚያ ምን እንደሚይዝ ይነግርሻል።»

*

ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው እህል ነጋዴ ማሾ በየአምስት ኪሎው በፌስታል አስመዘኑ። ከአሊዪ ቤት ሁለት ሞርሳ አምጥተው ባሌስትራዎቹን አስጨንቀው ወጥመዱን ደገኑት፤ ብሩክ ላቡ ጠብ እስኪል ድረስ። ከዚያ በረጅም እንጨት እየገፉ ፌስታሎቹን መርገጫው ላይ ይደራርቡ ጀመር።

አሥር ኪሎ። ምንም። አሥራ አምስት፣ የጅብ ልክ። ምንም። ሃያ። ሃያ አምስት። ፖሊሶቹ ሥራ ፈተው ከበቧቸው። ሠላሳ። ብረቱ ዝም።

ሠላሳ አምስት ላይ ሲደርስ፣ ጧ! ማሾው ግቢውን ሞላው።

«ሰው ነው» አለ ብሩክ እየተንተባተበ። «ሰው ሊይዝ ነው የተሠራው። ሆን ብሎ! ምን ዓይነት አውሬ ነው?»

በላይነሽ ማሾው መሀል ቁጢጥ ብላ ቆየች። «የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለች በመጨረሻ።

«ሃያ አምስት ቢሆን ነው።»

«በዚያ ጠለፋ ሕፃናት እየተሻገሩ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ያጠመደው ሰው ልጅ እንዳይያዝበት ፈርቷል። አጥንት እንዳይሰበር ደግሞ ላስቲክ አልብሷል። ሊገድል የተነሳ ሰው ላስቲክ ያለብሳል እንዴ? ይሄ ሰው አዋቂ ሰው ሳይጎዳ ተይዞ እንዲቆይለት ነው የፈለገ። ሰው እስኪሰበሰብ።»

«ጠለፋው ላይ?»

«ጠለፋው ላይ። የውሃ ሌባ ነው ያጠመዱት፣ ብሩክ። ደራሹን ማንም አላሰበውም።»

ወደ አሊዪ ሄዳ ይሄንኑ ነገረችው። ብረት ቀጥቃጩ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «ልጅ የማይዝ አድርገህ ሥራልኝ ነው የተባልኩት» አለ። «ቁርአን አስይዞኛል። እትዬ፣ ሌላ አትጠይቂኝ፣ ሆድ ይፍጀው።»

«ዓርብ በግድያ ትከሰሳለህ እኮ!»

«እሱም ያውቃል» አለ አሊዪ። «ያጠመደውም ያውቃል።»

*

ሐሙስ ከሰዓት በላይነሽ ሐዘን ቤቱ ሄደች። ከሠላሳ አንዱ የውሃ አባወራ አብዛኛው እዚያው ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ከግቢው ዳር ያለ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰብስባቸው፣ ወጥመዱን በሞርሳ አስደገነችና መሀላቸው አስቀመጠችው። ከሠላሳ አንዱ ማን እንዳጠመደው አላወቀችም፤ ብረቱን ሲያዩ የአንዱ ፊት ይነግረኛል ብላ ነው። ከዚህ ወዲያ ዘዴ አልነበራትም።

«ኧረ ነውር ነው!» አለ አብዱልወሃብ። «ሐዘን ላይ?»

«ነውሩን እኔ ልሸከም። የውሃ ሌባ ልትይዙ ምላችኋል። ያጠመደውን ሰው ስም ማንም እንዳያወጣ ተማምላችኋል። ልክ ነኝ?»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ከቢር ከዛፉ ግንድ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«እሺ። ነገ አሊዪ ይከሰሳል። ልጆች አሉት። ይሄም በመሐላችሁ ውስጥ አለ?»

የሰው ፊት እንዲህ ሲዘጋ ምን ይደረጋል! አንድም ፊት አልተናገረም። በላይነሽ ብሩክን ብረቱን አንሳው ልትለው ዞር ስትል ኢልሀም ከጓሮ ግልገል እያባረረች መጣች። በሰዎቹ መሀል ሾልካ፣ በባዶ እግሯ፣ እየሳቀች፣ ቀጥታ ወደ ብረቱ።

«ያዟት!» ብሎ አብዱልወሃብ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ አንዱ ሽማግሌ ዘንጉን ጣለ፣ ሌላው በሌላው ላይ ወደቀ። ማሾውን በገዛ አይኗ ያየችው በላይነሽ ሳትቀር ራሷን ወረወረች፤ አልደረሰችም፣ በግንባሯ አፈር ላይ ተደፋች። የልጅቷ እግር መርገጫው ላይ አረፈ። ተነሳ። ኢልሀም ተሻግራ ግልገሏን ተከትላ ሄደች። ብረቱ ዝም።

ሙሀባ ከቤት እየጮኸች ወጥታ ልጇን አፈፍ አደረገቻት። ብሩክ መርገጫውን ባለ በሌለ ጉልበቱ በዱላ ወጋው፤ ጧ! ብሎ ዱላውን ነከሰው። ድምፁን ሲሰሙ ወንዶቹ ሁሉ ደነገጡ።

በላይነሽ ከአፈሩ ቀና አለች። ቁርቁራው ሥር ከቦታው ያልተነሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ከቢር። የልጅ ልጃቸው ብረት ላይ ስትረግጥ መቁጠሪያው ከጣታቸው አላመለጠም፤ አይናቸው እንኳ አልተርገበገበም።

በላይነሽ አፈሩን ከፊቷ ሳትጠርግ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ሌላ ማንም በሆነ ኖሮ ብላ ተመኘች።

«ጋሽ ከቢር፣ ለምን አልተነሡም?»

ሽማግሌው ወጥመዱን አዩት። «እሷን አይዛትም» አሉ። ከዚያ ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው። መቁጠሪያው ቆመ።

ወንዶቹ አንድ ባንድ አንገታቸውን ደፉ። አብዱልወሃብ እየተንሰቀሰቀ ሄዶ አጥሩን ተደገፈ።

*

«ውሃ ይሰረቅ ነበር» አሉ ጋሽ ከቢር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከንጋት በፊት ጠለፋው ይከፈታል። የባልቴቲቱ ማሾ ደረቀ፤ አባት የሌላቸው የየቲሞቹ ማሳ ደረቀ። 'የውሃ አባት ከሆኑ ሌባውን ያምጡ' አሉኝ። ማንም ይሁን ማን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ጠዋት ሰው ሁሉ እስኪያየው እንዳይፈታ ብዬ አስማልኳቸው። እኔው ነኝ ያስማልኩ። አሊዪንም እኔው ቁርአን አስያዝኩት።»

«ኸድር መሐላው ላይ አልነበረም?»

«መሐላው የባለ መሬቱ ነው። ኸድር መሬት የለውም፤ የሰው ማሳ እኩል ያርሳል፣ ከዝርዝሩ የለም። ተራ ስጡኝ ብሎኝ ነበር። 'ለልጄ አደላ እንዳልባል' አልኩት። 'እሺ አባ' አለ። እሺ ሲለኝ እውነት መሰለኝ።»

ጋሽ ከቢር ወደ ወጥመዱ ጠቆሙ።

«ኢልሀም ማለዳ በዚያ በኩል ነው ቁርአን ቤት የምትሄድ። ልጅ እንዳይዝ አድርግ አልኩት አሊዪን። አጥንት እንዳይሰብር አልኩት። ብቻውን እንዳይፈታ አልኩት። የጠየቅኩትን ሁሉ ሠራልኝ።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ለሱብሒ ስንወጣ ጩኸት ሰማን። 'የሰው ያለህ' ይላል። አብዱልወሃብ 'ሄደን እንፍታው' አለኝ። 'መሐላ አለ፣ ይንጋ፣ ሰው ይየው' አልኩት። ድምፁን አላወቅኩትም፣ ልጄ! የሚጮህ ሰው ድምፁ የማንም ነው። ሶላት ቆምን። ሶላቱን ጨርሰን ስናሰላምት ጩኸቱ የለም፤ የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። ደክሞት ተኛ አልኩ።»

«አሊዪ አራት ቀን ታስሮ እርስዎ ዝም አሉ።»

«ምነው በተናገረ፣ ምነው ስሜን በጠራ እያልኩ አላህን ስለምን ነበር። እኔ ያስማልኩትን እኔ ልስበር? እሱ ቢሰብረው ደስ ባለኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። «በይ፣ እሰሪኝ። ሕጉ ምን ይለኛል? ገዳይ?»

«ዳኛው ያውቃል» አለች። ካቴናውን ከቀበቶዋ አላወጣችም። አሊዪ ዛሬውኑ ይፈታል፤ ልጆቹ አባታቸውን ያያሉ። ይሄን ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ግን አላጽናናትም።

ሙሀባ ልጇን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማች ያወቀ የለም። መኪናው ጋ ሲደርሱ ግን ሮጣ መጣችና በሩን ያዘችው።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ለበላይነሽ። «ሽንኩርታችን ጠወለገ፣ ሂድ ሳይነጋ ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። ሱብሒ ሄደ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። በሩን ልቀቂ።»

«ወዴት ነው የምትወስጃቸው?»

«ገዳዩን አግኚልኝ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች በላይነሽ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች።

ሙሀባ ሽማግሌውን አየቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የኋላ ወንበር ላይ ተኮራምተዋል። አይኑን ልየው ያለችው ሰው አይኑን ቀና አላደረገም። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ልትራገም ነው ያለ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ፊቷ ተፈታ።

«አትውሰጂብኝ» አለች። «ከዚህ በኋላ ማን አለኝ? እኔስ ልጄን ይዤ ወዴት እገባለሁ? አባቴ ናቸው፣ አትውሰጂብኝ!»

ብሩክ ሞተሩን አስነሳና በላይነሽን አያት። እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደፊት ትመለከት ነበር። ትእዛዝ እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች። ሙሀባ በሩን አልለቀቀችም።